ታጥቦ የመጣው ምሰሶ

ደብተር ይዞ ለሚመጣ ሰው እውነቱ በሙሉ አይነገርም። በንግድ ሕይወቴ አጥብቄ የያዝኩት ሕግ ይሄ ነው። የቀን ገቢ የሚገምቱ ሰዎች ሲመጡ ሰፈራችን በአንድ ጠዋት ይደኸያል። ባለ ሱቋ ዕቃውን የደረደረችው ለጌጥ ነው፣ ልብስ ሰፊው የሚሰፋው ለዘመድ ነው፣ እኔም ግቢዬን የከፈትኩት አየር እንዲገባ ነው። ገማቹ እንደምንዋሽ ያውቃል፤ እኛም እንደሚያውቅ እናውቃለን። እኛ እንቀንሳለን፣ እሱ ይጨምራል፣ መሃል ላይ እንገናኛለን። ይሄንን ማናችንም ውሸት ብለነው አናውቅም። ክርክር ነው።

ውሃም እንደዚያ የሚገመት መስሎኝ ነበር።

ግቢዬ ኮልፌ ቀራንዮ ውስጥ ነው፣ ከአየር ጤና ወደ ወንዙ ወረድ ብሎ። ከፈረሰ ቤት የወጣ በርና መስኮት፣ ያገለገለ ቆርቆሮ እሸጣለሁ። ቤት ሲፈርስ ከባለቤቱ ቀጥሎ ቦታው ላይ የሚደርሰው የእኔ ዓይነት ሰው ነው። በሩን በትከሻው ተሸክሞ የሚያመጣልኝን ሰው ፊቱን አላይም፤ የማየው ማጠፊያውን ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ደብተር፣ ቀጥሎ ቀይ ቀለም፣ ቀጥሎ ዶዘር እንደሚመጣ ከማንም በላይ አውቃለሁ። ከዶዘሩ በኋላ የምመጣው እኔ ነኛ።

ልጅቷ የመጣችው በበጋ ነው፣ በጠራራ ፀሐይ የጎማ ቦት ጫማ አድርጋ። ከዩኒቨርሲቲ ነኝ አለች፤ ስለ ጎርፍ ታጠናለች። ከወረዳው አንድ ሰውዬ አብሯት ነበር። ደብተር ብቻ ሳይሆን ታብሌትም ይዛለች፤ በእኔ ሕግ ታብሌት ላለው ሰው የሚነገረው ሩቡ ነው።

«ጋሼ፣ ወንዙ ሞልቶ ግቢዎ ገብቶ ያውቃል?»

«ይሄ ወንዝ? ሰው ትኩር ብሎ ካየው እንኳ ያፍራል።»

«በጣም የሞላ ጊዜ እስከ የት ደረሰ?»

«ቁርጭምጭሚት። እሱም ሰውየው አጭር ከሆነ።»

ሳቀች፤ ጻፈችም። ከዚያ አስረዳችኝ። የዝናቡ መዝገብ አለን አለች። ዝናቡ ጠባዩን ቀይሯል፤ የሚጥልበት ቀን ያንሳል፣ ሲጥል ግን ያለ ልክ ነው። ውሃው እዚህ ሰፈር እስከ የት እንደሚወጣ ግን የለካ መሣሪያ የለም። «መዝገባችን እናንተ ናችሁ» አለችኝ። ወረዳው የድጋፍ ግንብ ሊያሠራ ነው፤ የግንቡ ቁመትና የወንዝ ዳሩ መስመር የሚወሰነው ነዋሪው በሚነግራቸው ነው።

ከዚያ ሁሉ ንግግር ውስጥ ጆሮዬ የያዘው «መስመር» የሚለውን ብቻ ነው፤ ከመስመሩ ወዲያ የቀረ ቤት ይፈርሳል።

እውነቱ ሌላ ነው። ከሁለት ክረምት በፊት ውሃው መጋዘኔ ገብቶ በሮቼን እንደ ጀልባ አንሳፍፏቸዋል። ወገቤ ድረስ ነበር። በሮቹን ፀሐይ ላይ አድርቄ፣ «ይሄ በር ጎርፍ ውስጥ ውሎ የወጣ ነው፤ ውሃ አይፈራም» እያልኩ ሸጥኳቸው። ለደንበኛ የምነግረውን ለልጅቷ መንገር ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ።

እነሱ እንደሄዱ ጎረቤቶቼ እኔ ግቢ ተሰበሰቡ። ንግግር የሚያስፈልገው ነገር ሲመጣ የሚሰበሰቡት እኔ ጋ ነው፤ ያኔ በዚህ እኮራ ነበር።

«ምን አልካት?» አለችኝ ባለ ሱቋ።

«ቁርጭምጭሚት።»

«እኔ ደግሞ ከድንጋጤዬ የተነሳ ወንዝ መኖሩንም አላውቅም ልላት ነበር።»

ልብስ ሰፊው ብቻ ፊቱ ጠቆረ። የቸርች ሰው ነው፤ በመዘምራን ውስጥ ያገለግላል። «እኔ መዋሸት አልችልም» አለ።

«ማን ዋሽ አለህ? ዝም በል። ዝም ማለት ኃጢአት ነው የሚል ጥቅስ ካለህ አምጣ።»

ሳቁበት። እሱም እየከበደው ሳቀ። ከዚያ በኋላ የተጠየቀ ሁሉ ቁርጭምጭሚት አለ።

የሚያሳስበኝ ግን እሱ አልነበረም። ከእኔ ግቢ ዝቅ ብሎ፣ ከሁሉም ቤት በታች፣ አንድ አዛውንት ከባለቤታቸው ጋር ይኖሩ ነበር። ጉልበት በነበራቸው ዘመን የውሃ ጉድጓድ ቆፋሪ ነበሩ። «እናንተ ውሃን የምታውቁት ከቧንቧው ነው፤ እኔ ከሥሩ ነው» ይሉናል። ወጨጫ ተራራ ላይ ደመናው ከጠቆረ፣ እኛ ጋ ፀሐይ ቢሆንም ወንዝ ዳር ልብስ የሚያጥቡትን ይጣሩና ያስነሳሉ። አንድም ቀን ሲሳሳቱ አላየሁም።

በግቢያቸው ጥግ የጽድ ምሰሶ ተክለው ነበር። በየክረምቱ ውሃው ሲጎድል ፌሮ ያግሉና የደረሰበትን ቦታ ይተኩሱታል። ከሃያ በላይ ጠባሳ ነበረው። የታችኞቹ ጠባሳዎች የተጠጋጉ ናቸው፣ ወደ ላይ ሲወጡ ይራራቃሉ። የሁሉ የላይኛው የእኔ ደረት ላይ ይመጣል። አንድ ጊዜ ለምን እንደሚደክሙ ጠይቄያቸው ነበር።

«ስጀምረው እንዲያው የሥራ ልማድ ነው» አሉኝ። «አሁን ግን ሌላ ነው። መሮጥ የሚችል ሰው ሰማዩን ቢያይ ይበቃዋል። እኔ ቤት መሮጥ የማትችል ሰው አለች።»

እማማን ማለታቸው ነው። ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ ካላቸው ሦስት ዓመት አልፎ ነበር። አልጋ ላይ ናቸው፤ ሲገለበጡም በባላቸው እጅ ነው። የሁለት ክረምት በፊቱን ውሃ ያመለጡትም ባላቸው ደመናውን አይተው ቀድመው ስላወጧቸው ነው።

ልጅቷ ሰፈሩን በዞረችበት ቀን አዛውንቱ መድኃኒት ሊገዙ ጦር ኃይሎች ሄደው ነበርና አልተገናኙም። ወረዳው ስለ ግንቡ ስብሰባ እንደጠራ ሲሰሙ ግን ደስ አላቸው። «እዚያው አገኛታለሁ፣ ይዣት መጥቼ ምሰሶውን አሳያታለሁ፣ በሜትሯ ትለካዋለች» ብለው ለልብስ ሰፊው ነገሩት። እሱ ለእኔ ነገረኝ። ለምን እንደነገረኝ እስካሁን አልጠየቅኩትም።

ያን ቀን ከሰዓት ሁለት ኪሎ ብርቱካን ይዤ ወረድኩ። የበሽተኛ ጥየቃ። እማማ በደህናው እጃቸው እጄን ይዘው መረቁኝ። «ቤትህን ክፉ አይንካው፣ ልጄ» አሉኝ። አሜን አልኩ። እንዲያውም ጮክ ብዬ ነው ያልኩት።

ከዚያ አዛውንቱን ወደ ውጭ ይዤ ወጣሁ።

«አባባ፣ ይሄ ምሰሶ ትልቅ ነገር ነው።»

«ነው እንጂ።»

«ግን የቢሮ ሰው እዚህ ጭቃ ድረስ የሚወርድ ይመስልዎታል? እሺ ይልዎታል፣ ከዚያ መኪናው ውስጥ ይገባል። እኔ ስንቱን አይቻለሁ። ዕቃ የሚሸጠው ገዢው ዓይን ፊት ሲቆም ነው። ነቅለው ይውሰዱላቸው። ስብሰባው መሃል ያቁሙት። ማን ይክዳል?»

ትንሽ አሰቡ። ከጎናቸው ቆሜ ሲያስቡ አየኋቸው። ጉድጓድ ሲቆፍሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ከመሬት የወጣ ነገር ምን እንደሚያጣ ከእኔ የተሻለ ያውቃሉ። ግን አምነው አዳምጠዋቸው ወደማያውቁ ቢሮዎች ስንት ጊዜ ተመላልሰዋል፤ የሚታይ ነገር ይዞ መግባት የሚለው ሐሳብ ልባቸውን ወሰደው።

«እውነትህን ነው» አሉ። «አፍ ብቻ ይዞ መሄድ ምንም አያደርግም።»

ያልጠበቅኩት ደግሞ ተጨመረ። በስብሰባው ዋዜማ አልፌ ስሄድ ምሰሶውን ነቅለው በሁለት ድንጋይ ላይ አጋድመው በሳሙናና በሽቦ እያጠቡት ነበር። መንግሥት ቢሮ ጭቃ ይዞ አይገባም አሉኝ። መሬት ውስጥ የነበረው ክፍል በአፈሩ ቀለም ይለይ ነበር፤ ያ ልዩነት በሳሙናው ውሃ ሲሄድ አየሁ። ያኔ እንኳ «አባባ፣ ይተዉት» ማለት ይቻል ነበር። «አይዞዎት፣ በርቱ» ብያቸው አለፍኩ።

ስብሰባው የወረዳው አዳራሽ ውስጥ ነበር። አዛውንቱ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ምሰሶውን በትከሻቸው ተሸክመው ገቡ። ከፊት አቆሙትና ከሥሩ እስከ ላይ ጠባሳዎቹን እየነኩ አስረዱ። ይሄ ውሃው በሬ የወሰደበት ነው፣ ይሄ ድልድዩ የተሸረሸረበት ነው፣ ይሄ የሁለት ክረምት በፊቱ ነው። ልጅቷ ከመቀመጫዋ ተነሳች። እስክሪብቶዋን ስትረሳው አይቻለሁ። የወረዳው ሰውዬ ሳይቀር አንገቱን አሰገገ።

እኔ እጄን አነሳሁ።

«አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ስላልገባኝ ነው። ይሄ ምሰሶ ስንት ክንድ መሬት ውስጥ ነበር?»

ወደ ታች አዩ። እጃቸውን ምሰሶው ላይ አንሸራተቱ። አንድ ቦታ ላይ አቆሙ፣ ከዚያ ከፍ አደረጉት፣ ከዚያ መለሱት።

«እዚህ… እዚህ አካባቢ።»

«አፈር ሞልተውበት የለም እንዴ? ፍርስራሽ የሰጠሁዎት እኔ ነኝ።»

«አዎ» አሉ። «ሁለት ጊዜ ሞልቻለሁ።» መዋሸት ይችሉ ነበር። ለእሳቸው አልታያቸውም።

«እንግዲህ ጠባሳው ውሃውን ነው አፈሩን ነው የሚለካው?» አልኩና ወደ ሕዝቡ ዞርኩ። «እኔ እንኳ በር ስሸጥ ላይና ታቹን ለይቼ ነው!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሳቅ ማስነሳት እችልበታለሁ፤ ዕድሜ ልኬን እንጀራዬን የበላሁበት ነው። አዛውንቱም ሊስቁ ሞከሩ፤ ያቺ ሙከራቸው ከሁሉም በላይ ትረብሸኛለች። ሰው ሁሉ ሲስቅ ብቻቸውን አለመሳቅ ስድ መሆን መስሏቸው ይሆናል።

ልጅቷ ወደ እሳቸው ሄዳ ዝቅ ብላ ስታናግራቸው ሰማኋት። «አባባ፣ ለምን ነቀሉት? እኔ እመጣልዎት ነበር።» ምሰሶውን መልሰው ትከሻቸው ላይ ጫኑ። ወደ እኔም አላዩም። ቢያዩኝ ይሻለኝ ነበር።

የወረዳው ሰውዬ ክፉ ሰው አይደለም። «እኔ ሰነድ ላይ የሚሰፍር ነገር ያስፈልገኛል» አለ። ከነዋሪው አብዛኛው ያለው ቁርጭምጭሚት ነው፤ ለጥንቃቄ ጉልበት ይባል ተባለ። ልጅቷ ብቻዋን ተከራከረች፤ የዝናቡ መዝገብ ከዚህ በላይ ነው የሚለው፣ እባካችሁ ሌላ ቀን ስጡኝ አለች። በጀቱ ሌላ ቀን አይጠብቅም ተባለች። ቃለ ጉባኤው ተጻፈ፤ ነዋሪውን ወክዬ ፈረምኩ። ልብስ ሰፊው ዝም እንዳለ ወጣ። ግንቡም በዚያው ልክ ተሠራ፣ ከጉልበት ትንሽ ከፍ ብሎ። መስመሩ የእኔን ግቢ ሳይነካ አለፈ። ጎረቤቶቼ ከዚያ በኋላ ለሳምንት ያህል ሻይ ሲጋብዙኝ ሰነበቱ።

ክረምቱ ገባ። የሆነው ከቀትር በኋላ ነው። እኛ ጋ ፀሐይ ነበር፤ ወጨጫ ግን ጥቁር ነበር። አዛውንቱ ሰዉን ሊያስነሱ አልወጡም፤ ከስብሰባው ወዲህ ለማንም ምንም ብለው አያውቁም። ያን ሰዓት ደግሞ፣ ደመናው ከመጥቆሩ በፊት፣ የእማማን መድኃኒት ሊያመጡ አየር ጤና ወጥተው ነበር።

መጀመሪያ የሰማሁት ድንጋይ ለድንጋይ ሲጋጭ ነው፣ ከውሃው ሥር። ከዚያ ውሃው ግንቡን እንደ ደፍ ተራምዶ ገባ። ከገባ በኋላ ደግሞ ግንቡ መውጫ ከለከለው። እኔ ምን አደረግኩ? በሮቼን ማሰር ጀመርኩ። ይሄንን የምጽፈው ማንም ስላላየኝ ነው፤ ካልጻፍኩት የሚያውቀው የለም። ጭኔን አልፎ ሲመጣ ነው እማማ ትዝ ያሉኝ።

ስወርድ ልብስ ሰፊውና ሁለት ግንበኞች ቀድመውኝ ቤቱ ውስጥ ገብተዋል። «የምንሸከምበት ስጠን!» ብሎ ጮኸብኝ። ተመልሼ አንድ በር ከግቢዬ ፈትቼ በአጥሩ ላይ አቀበልኳቸው። እማማን በዚያ በር ላይ አስተኝተው አወጧቸው፤ አንዱን ጥግ እኔ ያዝኩ። ከንፈራቸው ሰማያዊ ሆኖ ነበር። ዳገቱን ስንወጣ ዓይናቸውን ገልጠው አዩኝ። «አንተ ነህ? እግዜር ይስጥህ» አሉኝ።

ተረፉ። ሳንባቸው ታሞ ብዙ ቀን ሐኪም ቤት ተኙ፤ ከዚያ ቤቴል ያለችው ልጃቸው ኮንዶሚኒየሟ ውስጥ አስገባቻቸው። የጭቃ ቤታቸው አንዱ ግድግዳ ተንዶ ተቀምጧል። አዛውንቱም ተከትለው ሄዱ። ሰፈሩ ውስጥ ወንዙን የሚያውቅ ሰው አልቀረም።

ልጅቷ ውሃው በጎደለ በሳምንቱ መጣች። ያን ቀን ቦት ጫማዋ ለቦታው ልክ ነበር። እንደ በፊቱ ጠየቀችኝ፤ ድምፅዋ ውስጥ ግን እንደ በፊቱ ያለ እምነት አልነበረም። እኔም ጎረቤቶቼ ቆመው እየሰሙ ነገርኳት። የአሁኑ ከጭን በላይ ነው፤ የሁለት ክረምት በፊቱ ወገብ ነበር፤ ቁርጭምጭሚት ያልኩሽ ውሸት ነው፤ ምሰሶውን ያስነቀልኩት እኔ ነኝ። መጀመሪያ ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። ሳቃቸው እስኪያልቅ ጠብቄ ደገምኩት።

ባለ ሱቋ ነደደች። «አንተ ሰውዬ፣ ያኔ አሰልፈህ አስዋሸኸን፤ ዛሬ ደግሞ ብቻህን ጻድቅ ሆነህ ቤታችንን ልታስፈርስ?»

ከተናገረችው ውስጥ አንድም የተሳሳተ ነገር የለም። ልጅቷ ሁሉንም ጻፈች። «ከዚህ በፊት ተነግሮኝ ቢሆን» ብላ ጀመረችና ተወችው። አዲሱ መስመር የእኔን ግቢ ለሁለት ይከፍለዋል፤ የባለ ሱቋንም ይነካል። ምን እንደሚወሰን ገና አልታወቀም። ልብስ ሰፊው ሰላምታ ይሰጠኛል፣ ግን እጁን አይዘረጋም።

እውነቱን ስለተናገርኩ የሚቀለኝ መስሎኝ ነበር። ነጋዴ ነኝ፤ ከፍዬ የማይወርድልኝ ዕዳ መኖሩን አላውቅም ነበር። በወሩ መጨረሻ ታክሲ ይዤ ቤቴል ሄድኩ። አዛውንቱ በሩን ከፈቱልኝ። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ያደረግኩትን ሁሉ፣ ለተማሪዋ መናገሬንም ነገርኳቸው። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ያዙኝ። ጉድጓድ የቆፈረ እጅ ነው፣ አሁንም ጠንካራ ነው።

«እኔ ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ ነው ያወቅኩት» አሉ። «ለባለቤቴ ግን አልነገርኳትም። በበር ተሸክሞ አወጣኝ እያለች በየጸሎቷ ትጠራሃለች። ግባና ራስህ ንገራት።»

ገባሁ። እማማ መስኮት አጠገብ ተኝተዋል። ከወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጬ፣ ዓይኔን ምንጣፉ ላይ ተክዬ ነገርኳቸው። በንግግር እኖራለሁ የምል ሰውዬ ሦስት ጊዜ ተሰናክዬ ነው የጨረስኩት። ከታች የመኪና ጥሩንባ ይሰማ ነበር።

«ለተማሪዋ ውሃው እስከ የት ነበር ብለህ ነገርካት?» አሉኝ።

«ጭኔን አልፎ ነበር አልኳት፣ እማማ።»

«አንተ ቆመህ ነው» አሉ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም። «እኔ ተኝቼ ነበር። እኔ ጋ አገጬ ደርሷል። ትራሱን በደህናው እጄ ደግፌ ነው አንገቴን ያቆምኩት። ከዚያ በላይ አንድ ጣት ቢጨምር ሌላ ነገር ነበር። የእኔንም ትጻፈው።»

እሺ አልኩ። መሰናበት አቅቶኝ ወጣሁ። ደረጃውን እስከ ታች ሮጬ ነው የወረድኩት ማለት ይቻላል። በር ላይ ቆሜ ለተማሪዋ ደወልኩ።

«አቤት ጋሼ» አለች።

እማማ ያሉኝን እንዳለ ነገርኳት። ደብተር ስትገልጥ ሰማኋት።

«አልጋቸው ከወለሉ ስንት ከፍ ይላል? ትራሱስ አንድ ነበር ሁለት?»

አላውቅም ነበር። ያን ቤት ስንት ጊዜ ገብቼ ወጥቻለሁ፤ አልጋውን አይቼው አላውቅም።

«ጠይቄ እነግርሻለሁ» አልኳትና ደረጃውን ተመልሼ መውጣት ጀመርኩ።